አምባላዩ በጥቁርና ነጭ

"ጠጉርህን የት አደረግኸው አንተ?" አለች እትዬ ግራጫ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፈረስ። አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፈረሱ ጆሮ አለው፣ ዓይን አለው፣ አራት እግር አለው፤ ከአንገቱ እስከ ሽንጡ ግን ያልታተመ ወረቀት ነው። አጉልታ ብታየውም አሳንሳ ብታየውም አንዲት ጠጉር የለችበትም።

ማሙሽ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። "አላለቀም?"

"አላለቀም።"

"እትዬ፣ አሥራ አንዱን በሁለት ቀን ጨርሰሽ አንዱ ፈረስ እንዴት ይህን ያህል ያስቸግርሻል?"

"አሥራ አንዱ ፈረሶች ናቸው። ይኼ አምፖል ነው።"

"ሰውየው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል እኮ።"

"ይምጣ። ወንበር ሞልቶናል።"

ማሙሽ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነው። ሠራተኛው ሁሉ "አለቃ" ሲለው ማሙሽ የምትለው እርሷ ብቻ ናት። እናቱ የሞተችው እርሱ ገና ጥርስ ሳያበቅል ነው፤ አዝላ ያሳደገችው አክስቱ እርሷ ናትና ማንም አይፈርድባትም። ደንበኛ ፊት በዚህ ስም እንዳትጠራው ደጋግሞ ለምኗታል፣ እርሷም ደጋግማ እሺ ብላዋለች። አባቱ ሲሞት ማተሚያ ቤቱን ለልጁ ሲያወርስ እርሷንም ከነወንበሯ አብሮ አወረሰው ማለት ይቻላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች የፎቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ክፍሏ ጠባብ ናት። ቀለም ዓይን እንዳያታልል ግድግዳዋ ግራጫ ተቀብቷል፣ መስኮቷ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል፤ ምድር ቤት ያሉት የማተሚያ ማሽኖች ሲነሡ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል።

እትዬ ግራጫ የሚለውን ስም ያወጡላት ግን ለግድግዳው ብለው አይደለም። "ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚባል ነገር የለም፤ ጥቁሩም ትንሽ ነው፣ ነጩም ትንሽ ነው፣ የቀረው ሁሉ ግራጫ ነው" እያለች አዲስ የሚቀጠረውን ሁሉ ስለምታሰለች ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራ የመጣው ከከተማው ዳር ካለ የፈረስ ግልቢያ ክበብ ነው። ክበቡ አሥራ ሁለት ፈረሶች አሉት፤ ሥራ አስኪያጁ ለየወሩ አንድ ፈረስ የሚወጣበት፣ በር የሚያህል የቀን መቁጠሪያ ፈልጓል፣ ሁሉም በጥቁርና ነጭ። "ጥቁርና ነጭ ሲሆን የተከበረ ይመስላል" ብሏል። ፎቶ አንሺው ግን ሁሉንም በቀለም፣ ሁሉንም በማይሆን ቦታ አንሥቷቸዋል። ዳማውን፣ ያንን ቀይ ቡናማ ፈረስ፣ ለምለም ሣር ላይ አቆመው፤ ቀለሙ ሲወጣ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑና ፈረሱ ሣር ውስጥ ጠፋ። እትዬ ግራጫ ጭራውን ይዛ እስክታወጣው ግማሽ ቀን ፈጀባት። ጉራቻውን ደግሞ ጨለማ ጋጣ ውስጥ ነው ያነሣው፤ ከዚያ ሁሉ ጥቁር መጀመሪያ የታያት ጥርሱ ነበር። ዥጉርጉሩን ዛፍ ሥር አቁሞት የፈረሱ ነጥብ የቱ፣ የቅጠሉ ጥላ የቱ እንደሆነ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዲያም ሆኖ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

ይህን ስትሠራ ከላይ የምትቀባው፣ ከታች የምትፍቀው ነገር የለም። በዚህ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም። አንድ የቀለም ፎቶ በሆዱ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችን ይዟል፤ አንዱ ቀዩን ብርሃን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን የመዘገበ። ሦስቱም ያንኑ ፈረስ አይተዋል፣ ቃላቸው ግን እንደ ሦስት ምስክሮች ይለያያል። የእርሷ ሙያ የትኛው ምስክር ይደመጥ የሚለውን መምረጥ ነው። "እኔ መምረጥ ነው እንጂ መዋሸት አላውቅም" ትላለች፤ ይህንንም ስለምታበዛ ሠራተኞቹ ሰልችቷቸዋል።

የቀረው አምባላዩ ነው፤ ለመጀመሪያው ወርና ለሽፋኑ የታሰበው ነጩ ፈረስ። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ጉብታ ላይ፣ ያለ ኮርቻ ቆሞ ነው የተነሣው። ትናንት ለሥራ አስኪያጁ የመዳፍ ስፋት ያላት የሙከራ ህትመት ስትልክለት ቸኩላ ነበርና ቀዩን መረጠች። ነጭ እንስሳ ሲመጣ ወደ ቀዩ መሄድ የቆየ ልማዷ ነው፤ ቀዩ ቆዳን ያበራል፣ እድፉን ሁሉ ያጠራል። በትንሿ ወረቀት ላይ ፈረሱ ከሰማይ የወረደ መሰለ። ከጀርባዋም እንደ ወትሮዋ "ታይቶ ተፈቅዷል" ብላ ፈረመችባት። ዛሬ በሙሉ መጠኑ ስትከፍተው ግን ያ ከሰማይ የወረደ ፈረስ አካል የለውም። የምሽት ፀሐይ ቀይ ናትና ቀዩን ምስክር አሳውራዋለች።

"እስቲ አንተ ደግሞ ተናገር" አለችና ሰማያዊውን ከፈተች።

ፈረሱ መጣ። የአንገቱ ጅማት፣ የጎድኑ መስመር፣ ሽንጡ ላይ የተኛው ጠጉር፣ ሁሉም በየቦታው ተነሣ። ጋማው ውስጥ የገባች ገለባ ሳትቀር ታየች። እትዬ ግራጫ ብቻዋን ሳቀች። ሥራ ሲሠምርላት እንዲህ ጮክ ብላ የመሳቅ ልማድ አላት።

ከዚያ እጇ ማውሱ ላይ ቆመ።

ጀርባው ላይ፣ ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ነገር አለ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ የሆድ ጠፍር በሚያልፍበት፣ ሌላ አለ፤ እርሱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ በጠፍር ስፋት ልክ። የሌንስ እድፍ ይሆናል ብላ በዚያው ምሽት የተነሡትን ሌሎች ሁለት ፎቶዎች ከፈተች። የሌንስ እድፍ ቢሆን ኖሮ እዚያው የፎቶው ቦታ ላይ በቀረ ነበር። ይኼ ግን ፈረሱ ሲዞር አብሮት ዞሯል፣ ሲራመድ አብሮት ተራምዷል። ወደ ቀለሙ ፎቶ ተመለሰች። በቀለሙ ያለው የምሽት ብርሃን የመሰለ ቀላ ያለ ነገር ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው አጉልታ ስታየው ጠጉሩ ላይ የተጓጎለ ነጭ ዱቄት አገኘች።

"ገጣባ ነህ" አለችው ቀስ ብላ።

መጀመሪያ አፈረች። ትናንት ይህንን ቁስል በገዛ እጇ አጥፍታ፣ ፈርማ፣ በፖስታ አሽጋ ልካዋለች፤ ልማድ ሆኖባት ሦስቱንም ሳታይ። ቀጥሎ ተናደደች። ንዴቱ ከእፍረቱ ይሻላት ነበርና እርሱን ያዘች።

"ማሙሽ! ና እስቲ ወዲህ!"

ማሙሽ መጥቶ ከወንበሯ ኋላ ቆመ። አንዴ ቀዩን፣ አንዴ ሰማያዊውን እየቀያየረች አሳየችው።

"ይኼኛው ቆሻሻ አለበት" አለ።

"ቆሻሻ አይደለም፣ ቁስል ነው። ኮርቻ የላጠው ገጣባ።"

"በቀለሙ የታለ ታዲያ?"

"ዱቄት ነስንሰውበታል። ዱቄቱ ዓይንን ያታልላል፤ ሰማያዊውን ግን አላታለለውም።"

ማሙሽ አገጩን አሻሸ። ነገር ሲከብደው አገጩን ማሸት ከአባቱ የወረሰው ነው። "እትዬ፣ እኛ አታሚዎች ነን እንጂ የእንስሳት ሐኪሞች አይደለንም። ትናንት የላክሽውን አትመን እንስጠውና ይሂድ።"

"ትናንት የላክሁት ውሸት ነው።"

"ምን ፋቅሽ? ምን ቀባሽ? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ቀኑን ሙሉ 'እኔ መምረጥ ነው' የምትይው? ቀዩን ምረጪ። ማንም ዋሽታለች አይልሽም።"

ይህ ቃል ሄዶ ደረቷ ላይ አረፈ፤ እውነት ነበረውና። ሠላሳ አንድ ዓመት የኮራችበት ሕግ ይህን ቁስል ለመደበቅ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶለታል፤ እስከዛሬ ግን አልታያትም ነበር።

"አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው" አለች።

"እንዴ! ስንቷን ሙሽራ ከነብጉሯ መጥታ በዚሁ በቀዩ አጥርተሽ ሸኝተሻታል? ያኔ ውሸት አልነበረም?"

"ሙሽራዋ ናት የለመነችኝ። 'እትዬ፣ እባክሽ ብጉሬን አጥፊልኝ' ብላ በገዛ አፏ። ፈረሱ ለምኖኛል?"

ከደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ገባ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የግልቢያ ቦት ጫማ አድርጓል፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፣ አንድ ቀን እንኳ እርካብ የረገጠ አይመስልም።

"እትዬ! እጅዎ ይባረክ!" አለ ሁለት እጁን ዘርግቶ። "የትናንቷን ባለቤቴ አይታ ካልሰጠኸኝ አለች፤ አሁን ሳሎን ተሰቅላለች። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው።"

"ያውርዷት" አለች እትዬ ግራጫ።

"ምን አሉኝ?"

"ያውርዷት። ተሳስቼ ነው የላክሁልዎት። ትክክለኛው ይኼ ነው።" ስክሪኑን ወደ እርሱ አዞረችው።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ እንግዳ ትንሽ ቆየና ወጣ። "ጥላ ነው" አለ።

"ጥላ ሦስቱንም ያጠቁራል። ይኼ በቀዩ የለም፣ በሰማያዊው አለ። እንዲህ የሚሆነው ቀይ ነገር ነው፤ የተላጠ ሥጋ።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፈረሳችን ጤነኛ ነው!"

"ዓይንዎን አይርገሙት። ያስፈልግዎታል።"

ማሙሽ ሳቁን ለመያዝ ወደ መጋረጃው ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲህ ልንገርዎት፣ እትዬ። አምባላይ ያለን አንድ ብቻ ነው። ሙሽራ ሲመጣ እሱን፣ ሕፃን ሲመጣ እሱን። ዳማው ላይ ውጡ ስንላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ነጭ ሆኖ ተፈጠረ፣ እኔ ምን ላድርግ? ከጠዋት እስከ ማታ ይሰለፉበታል። እሱ አንድ ወር ጋጣ ውስጥ ከተኛ ማን ይመጣልናል?"

"እንዲያ ከሆነ ያውቃሉ ማለት ነው።"

"ምኑን?"

"ቁስሉን። አንድ ወር መተኛት እንዳለበት ያውቃሉ። ሐኪሙ ነግሮዎታል።"

ሥራ አስኪያጁ ተነሣ። ከዚህ በኋላ የተናገረው ለማሙሽ ነው፤ እርሷን እንደ ግድግዳው አደረጋት። "ቀዩ ይታተምልኝ" አለ።

ማሙሽ ቀዩን በሙሉ መጠኑ አሳየው። በመዳፍ ስፋት ያማረው ፈረስ በበር ስፋት የፈረስ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ነው።

"ጠጉሩ ሰማያዊው ውስጥ ነው ያለው" አለች እትዬ ግራጫ ሳትጠየቅ። "ሌላ ቦታ የለም።"

"ታዲያ ጠጉሩን ከዚያ ያምጡትና ቁስሉን ያጥፉት።"

"ያ መፋቅ ነው።"

"እና ቢሆንስ?"

"አልፍቅም።"

ማሙሽ በመካከል ገባ። አስታራቂነት ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። "አረንጓዴውስ? እትዬ፣ አረንጓዴውን እንየው።"

አረንጓዴውን ከፈተችለት። አረንጓዴው እንደ ሽማግሌ ነው፤ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ያደላል። ግማሽ ጠጉር አለ፣ ግማሽ ቁስል አለ። ቁስሉ ግን ግማሽ ሲሆን ቁስል መሆኑ ቀርቶ ጭቃ መስሏል።

"በቃ! ይኼ ምን አለበት?" አለ ማሙሽ። ሥራ አስኪያጁም በእሺታ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

"ይኼማ ከሁሉም የከፋው ነው" አለች። "ይኼን የሚያይ ሰው ያልታጠበ ፈረስ ነው የሚለው። ተበድሎ ሲያበቃ ቆሻሻም ይባል? የቆሰለው ሙሉ በሙሉ ነው፣ ግማሽ አልቆሰለም።" ከወንበሯ ተነሣች። ቁመቷ ከሥራ አስኪያጁ ደረት አያልፍም፤ እርሱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ጠጉሩን የሚፈልግ ቁስሉንም ይወስዳል። ቁስሉን የማይፈልግ ባዶ ወረቀት ይውሰድ፤ ባዶ ወረቀት መጋዘን ሙሉ አለን።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ማሙሽ ዞረ። "እዚህ ቤት አለቃው ማነው?"

ማሙሽ ጆሮው ቀላ። "እኔ ነኝ።"

"እንግዲያውስ እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልሆነ ፋይሎቼን ይዤ ሌላ ቤት እሄዳለሁ፤ የቀን መቁጠሪያውን ብቻ አይደለም፣ ትኬቱንም ፖስተሩንም።" የቦቱ ድምፅ ደረጃውን ወርዶ አለቀ።

"በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለ ማሙሽ።

"በቅሎ አይደለሁም።"

"ስለ አንድ ፈረስ ብለሽ ልትዋጊኝ ነው?"

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። መዋጋቱ ለኔ ቀርቷል።"

ማሙሽ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። መጋረጃውን ገለጠና መልሶ ለቀቀው። "እትዬ፣ በእናቴ ቦታ ነው የማይሽ። ግን ካልሠራሽው የሚሠራ ሰው አስመጣለሁ። ዛሬ አስመጣለሁ። እዚህ ወንበር ላይ ነው የማስቀምጠው።" ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ ደነገጠ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ግን አልመለሰውም።

እትዬ ግራጫ ወንበሩን አየችው። መደገፊያው ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፣ መቀመጫው በእርሷ ልክ ጎድጉዷል። ከዚህ ወንበር ተነሥታ ቤቷ ብትቀመጥ ምን እንደምትሠራ አታውቅም፤ ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም፣ ሌላ ነገር ብዙም አትወድም። ይህን ማሙሽም ያውቃል። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ፍርሃቱ ግን ትናንት የፈረመችውን ፊርማ አያነሣውም።

ወደ ትልቁ ማተሚያ ሄደችና ሰማያዊውን በሙሉ መጠኑ ሁለት ጊዜ አወጣችው። አንደኛውን በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከጀርባው በእስክሪብቶ "የትናንቱ ስህተት የእኔ ነው። ትክክለኛው ይህ ነው። ታይቶ ተፈቅዷል" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

"ወንበሩን መውሰድ ትችላለህ" አለችው። "ፊርማዬን ግን ሌላ ሰው በሠራው ላይ አትለጥፈውም።"

ሁለተኛውን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ማሙሽ "የት ነው?" አላት። "ፈረሱን ላየው" አለች። እውነትም ሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳ ፎቶ ስትሠራ፣ የሠራችውን እንስሳ በአካል ለማየት ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ወደ ክበቡ የሚወስደው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ጥቅሉ እንዳይጨማደድባት እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋው ቆመች። ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ከአጥሩ ውስጥ ዳማውን አየችው፤ በእርግጥም ሣሩ ላይ ነው፣ ብቻውን፣ ማንም ሳይሰለፍበት ይግጣል። ጉራቻውም አንገቱን በጋጣው በር አውጥቶ ዝንብ ያባርራል። ሰልፉ ያለው በወዲያ በኩል ነው፤ ወላጆች፣ ልጆች፣ የክብር ልብስ የለበሱ ሁለት እጮኛሞች ከነፎቶ አንሺያቸው። በሰልፉ ራስ ላይ አምባላዩ ቆሟል።

ከፎቶው ያንሳል። ጋማው በሪባን ተጎንጉኗል፣ ጀርባው ላይ በወርቅማ ክር የተጠለፈ ግላስ ተነጥፎ ኮርቻው ከላይ ተጭኗል። አንዲት ሕፃን ተቀምጣበት ስትዞር ፈረሱ በየአምስት እርምጃው ቆዳውን ያንቀጠቅጣል። የሚያየው ሰው ዝንብ ነው ይላል። እትዬ ግራጫ ግን የሚንቀጠቀጠው የት ላይ እንደሆነ በልኬት ታውቀዋለች።

ትኬት ቆረጠችና ተሰለፈች። ከኋላዋ ልጇን የያዘች እናት ቆማለች። "እማማ፣ እርስዎም ሊጋልቡ ነው?" ብላ በፍቅር ሳቀች።

"እስቲ እናያለን" አለች እትዬ ግራጫ።

ከፊቷ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኳ ጠራ። ማሙሽ ነው።

"እትዬ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰውየው እየደወለ ነው። አንድ ልጅ አግኝቻለሁ፣ በሃያ ደቂቃ እፍቀዋለሁ ይላል።" ከኋላው የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል። "ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሳየው ነበር። አሁንም እያየሁት ነው። ምን ላድርግ?"

ልጅ ሳለ ጫማውን የትኛው እግር ላይ እንደሚያደርግ የጠየቃት በዚህ ድምፅ ነበር። ያኔ ጎንበስ ብላ ታደርግለት ነበር።

"እኔ ፈርሜያለሁ" አለችው። "የአንተን ደግሞ አንተ ታውቃለህ፣ አለቃ።" ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ተራዋ ደረሰ። ፈረስ ጠባቂው ፀሐይ ያጠቆረው፣ ቀጭን፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። መወጣጫውን በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገላት። "እማማ፣ ቀስ ብለው ይውጡ። እኔ እይዝዎታለሁ።"

"አልወጣም።"

"እ?"

"ተራዬ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ተራዎ ነው።"

"ትኬቱ የሩብ ሰዓት ነው ይላል። ሩብ ሰዓቱ የኔ ነው። ኮርቻውን አውርድልኝ።"

ጠባቂው ወደ ቢሮው መስኮት ተመለከተ። እትዬ ግራጫ ጥቅሉን ፈታችና በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው። ሰፊ ስለነበር ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ሸፈናት። ከሰልፉ ውስጥ "ምንድነው?" የሚል ድምፅ ተነሣ። ከኋላዋ የነበረችው እናት ወደ ፊት መጥታ አየች፤ ፈረሱን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየችና የልጇን እጅ ሳብ አደረገች።

"ይኼ የኛው ነው?" አለ ጠባቂው በቀስታ።

"ይኼው የቆመው ነው።"

ጠባቂው ወደ ፈረሱ ጀርባ ተመለከተ። "እማማ፣ ዱቄቱን የነሰነስሁት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው እንጂ..."

"አውቃለሁ። ትናንት እኔም ነስንሻለሁ፣ በሌላ መንገድ።"

"ኮርቻውን ካወረድሁት ያባርሩኛል።"

"እኔንም ዛሬ እያባረሩኝ ነው። አብረን እንሆናለን።"

የቢሮው በር ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወጣና "ምንድነው ሰልፉን ያቆመው?" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጥቅሉን የዘረጋችውን አያት። በዚያ በሚያበራ ጫማው ጠጠሩን እየረገጠ መምጣት ጀመረ። ጠባቂው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሬት መሬት ያያል።

እትዬ ግራጫ ፎቶውን ለእናቲቱ አቀበለቻት። "ያዥልኝ፣ ልጄ፤ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጊው" አለቻትና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ፈረሱ ጎን ተጠጋች። ዕድሜዋን ሙሉ ፈረስ ነክታ አታውቅም። ሙቀቱ አስደነገጣት። ከግላሱ ሥር ጠፍሩን በዳበሳ ፈልጋ አገኘችና ጎተተችው፤ አልፈታ አላት፣ ፈረሱም ተንቀጠቀጠ።

"እንዲያ አይደለም፣ ያመዋል" አለ ጠባቂው። እጇን በቀስታ ወደ ጎን አድርጎ ዘለበቱን ራሱ ፈታው።